የቅድመ አያቴን ቤልጂግ ለአደን ላስተካክለው? እርዱኝ

የሰራተኛ ሰፈር ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ቤታችን ውስጥ አንድ ቤልጂግ ጠመንጃ አለ። ቅድመ አያቴ በጠላት ዘመን ይዞት ዱር የገባው ነው ይባላል። ከእሱ ወደ አያቴ፣ ከአያቴ ወደ አጎቴ ወረደ። ፈቃዱ በአጎቴ ስም ነው። አጎቴ ከመንዝ መጥቶ እኛ ጋ ፒያሳ መኖር ከጀመረ ሁለት ዓመት አለፈው። ጠመንጃው ቁም ሳጥን ውስጥ በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ቁልፉ ከማተቡ ጋር አጎቴ አንገት ላይ ነው።

ባለፈው እሁድ አወጣነው። አጎቴ ቦልቱን፣ መዝጊያውን ማለቴ ነው፣ ስቦ ትንሿን ጣቱን ጥይት ማደሪያው ውስጥ ከተተና ባዶ መሆኑን ዳሰሰ። ቀጥሎ እኔን አስዳሰሰኝ። እማዬንም ሊያስዳስሳት ሲል "ሂድ ወዲያ" አለችው።

ያለበትን ሁኔታ ልንገራችሁ። የብረቱ ጎን ላይ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ አለ፤ መጨረሻው "ኤርስታል ቤልዢክ" ይላል። ለካ ቤልጂግ የምንለው ከዚች ቃል ነው! በላዩ አንበሳ አለ፤ ፊቱ ተፍቆ ጎፈሩ ብቻ ቀርቷል። እንጨቱ ጠቁሯል። ግማሹ ቅባት፣ ግማሹ የጎጆ ጭስ ይመስለኛል። ሰደፉ ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ስርጉድ አለ። አንገቱ ጋ ደግሞ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁ። በርሜሉ አፍ አካባቢ ዝገት አለ። ማንገቻው ከጠፋ ቆይቷል፤ ጠፍር ታስሮበታል።

አጎቴ የሚፈልገው ከርከሮ ነው። አገር ቤት ያለውን ማሳ እየቆፈረ አስቸግሯል። እኔ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ፈረንጆች እንዲህ ያለውን ጠመንጃ የፊት እንጨቱን ቆርጠው፣ ቴሌስኮፕ ጭነውበት፣ የቦልቱን እጀታ አጥፈው አዲስ ሲያስመስሉት አይቼ ልቤ ተሰቅሏል። እዚህ አዲስ አበባ ይቻላል? ከየት ልጀምር? ዝገቱን በግራይንደር ባስነካውስ?

ባለ ፋይሉ፦

ከግራይንደሩ በፊት ወረቀቱን። የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አንብብ። ፈቃዱ የአጎትህ ነው፣ ያንተ አይደለም። ስለዚህ ብረቱ እሱ በሌለበት ከቁም ሳጥን አይውጣ፤ አንተ ደግሞ በታክሲ ይዘኸው የትም አትሂድ። ምንም ከመነካቱ በፊት አጎትህ ፈቃዱን ወዳሳደሰበት ጣቢያ ሄዶ ይጠይቅ። የመለያ ቁጥሩን ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት እንኳ እንዳትነካው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ብረቱ ላይ ካልተነበበ ማስረዳቱ የናንተ ዕዳ ነው።

ሁለተኛ፣ የመሣሪያ ፈቃድ የአደን ፈቃድ ማለት አይደለም። አደን የሚመለከተው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ነው። "ከርከሮ እኮ ነው" ብሎ ነገር የለም።

ጋሽ ቶርኖ፦

ልጄ፣ ግራይንደሩን ከእጅህ አስቀምጥና አዳምጠኝ።

ስሜን ያወጡልኝ ሰፈርተኞች ናቸው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሠላሳ ምናምን ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሜ ብረት ስልግ ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ጠመንጃ ሠሪ አይደለሁም። ግን አንድ ቤልጂግ በእጄ አበላሽቻለሁ።

እንዲህ ነው። አንድ ወዳጄ ልክ እንዳንተ ቴሌስኮፕ ፈለገ። ፈቃድ ነበረው። እኔም "ቀላል ነው" አልኩ። ትራፓኑን አስነስቼ የብረቱን ቀለበት፣ በርሜሉ የሚገባበትን፣ መብሳት ጀመርኩ። የመጀመሪያው መብሻ ፉጨት አሰማና ጫፉ ጠፋ። ሁለተኛው ተሰበረ። ያ ብረት ላዩ እንዲጠነክር ሆን ተብሎ በእሳት የተሠራ ነው። ቅርፊቱ ቀጭን ነው፤ እንደ ብርጭቆ ይጠነክራል። ውስጡ ግን ለዘብ ያለ ነው፤ ሲመታ እንዳይሰነጠቅ። በሦስተኛው መብሻ ጉድጓዱ ወጣ፤ ወጣ ግን ጠማማ ወጣ።

ቀጥሎ እጀታው። የቤልጂግ እጀታ ቀጥ ብሎ ወደ ጎን የወጣ ከሆነ፣ ሲነሳ ቴሌስኮፑን ይመታዋል። ስለዚህ በኦክስጅን አግዬ አጠፍኩት። ቀይ ሆነ፣ ታጠፈ፣ ያምር ነበር። ያላሰብኩት ሙቀቱ የት እንደሚሄድ ነው። ቦልቱ ፊት ላይ ሁለት ጆሮዎች አሉ፤ ባሩዱ ሲነድ ጉልበቱን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ከኋላ አንድ ሦስተኛ አለ፣ ለክፉ ቀን። እጀታው ሥር ደግሞ ቦልቱ ሲነሳ መቺውን ወደ ኋላ የሚገፋ ተዳፋት አለ። እኔ እሱን አለሰለስኩት። ሰውዬው ጥቂት ጊዜ እንደተኮሰበት ቦልቱ እንቢ ማለት ጀመረ። ፈታሁት፤ ተዳፋቱ ተልጦ አየሁት። ወዳጄ ዛሬም ሲያየኝ ሰላምታው አጭር ነው።

ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ነው። መመለስ የማይቻል ነገር አልሠራም። መቁረጥ፣ መብሳት፣ ማጋል የለም። መወልወል፣ ማጣበቅ፣ ዘይት ማጠጣት አለ።

አንተ ከእንጨቱ ጀምር። እንጨት ነው፤ ብረቱ አጎትህ ዘንድ ተቆልፎ ሊቀመጥ ይችላል።

ሲፈታ ተጠንቀቅ። ከሥር ሁለት ትልልቅ ብሎኖች አሉ። ከያንዳንዳቸው አጠገብ አንዲት ትንሽ ብሎን ታያለህ። ትልቁ እንዳይዞር የምትይዘው እሷ ናት። እሷን ሳያወጣ ትልቁን የሚታገል ሰው ብዙ አይቻለሁ። የቤት ካቻቢቴ አይሆንም፤ ጫፉ ሽብልቅ ስለሆነ ይንሸራተትና የብሎኑን ራስ ይበላዋል። አንድ አሮጌ ካቻቢቴ ሞርሳ ላይ እሰርና ጫፉን በሞረድ አስተካክለህ ስንጥቁን ሙሉ የሚሞላ አድርገው። ግማሽ ቀን ቢፈጅብህም አይቆጭህ።

እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍገው። ማኅተም ካለበት ይጠፋል፤ እንጨቱም ከብረቱ በታች ይወርድና ሁልጊዜ የተራበ ይመስላል። ቅባቱን ለማውጣት አሁን ኅዳር ነው፣ ፀሐይ አለልህ። እንጨቱን ጥቁር ፌስታል ውስጥ አስገብተህ ቆርቆሮ ላይ አስተኛው። ቀትር ላይ ብታወጣው እንደ ዶሮ ጥብስ ያልበዋል። የወጣውን በጨርቅ ጥረግ። የጠመኔ ዱቄት ነስንስበት፣ ይመጥልሃል። መልሰህ አስተኛው። የሰባ ዓመት ቅባት በአንድ ቀን አይወጣም።

ስርጉዱን ደግሞ በካውያ ትተኩሰዋለህ። አትሳቅ። ስርጉድ ማለት እንጨቱ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ተጨፈለቀ ማለት ነው። ንጹሕ ጨርቅ በውሃ ነክረህ ጨምቀህ አልብሰው፣ በጋለ ካውያ ጫፍ ንካው፣ ሲጮህ አንሳ። እንፋሎቱ እየገባ ጭረቱን ያነሳዋል። እየደጋገምክ። ሙሉ በሙሉ ባይመለስም አውራ ጣትህ ማረፊያ ታጣለች።

ስንጥቁ የብረቱ ጅራት ከሚያልቅበት ጀምሮ ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ ምክንያቱን ልንገርህ። ጠመንጃው በተተኮሰ ቁጥር ብረቱ ወደ ኋላ ይመታል። እንጨቱ ከደረቀና ብሎኖቹ ከላሉ ጅራቱ እንደ ሽብልቅ ሆኖ አንገቱን ይፈልጠዋል። ስለዚህ ሙጫ ብቻውን አያድነውም። ስንጥቁን በሙጫ ካጠገብክና ካሰርክ በኋላ፣ ከጅራቱ ኋላ ወፈር ያለ ወረቀት የምታሳልፍ ክፍተት በስለት አውጣለት። ያለበለዚያ ደግሞ ይፈልጠዋል።

ከዚያ የተልባ ዘይት። ለወጥ የሚሆነውን ሳይሆን ቀለም መሸጫ ያለውን፣ የተፈላውን። ጥሬው ለመድረቅ ዘመን ይፈጃል። ጠብታ ጠብታ እያደረግክ በመዳፍህ እሸው፤ መዳፍህ እስኪሞቅ። ትርፉን ጥረግ፣ ቀን ስጠው፣ ድገም።

አደራ! የጠረግክበትን ጨርቅ ጨብጠህ ጥግ አትወርውር። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ራሱ ይሞቃል። የተጨማደደ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ክብሪት ሳይጫር እሳት ይነሳል። እኔ አንድ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ሣጥን ውስጥ የተውኩት ጨርቅ እየጨሰ ጠበቀኝ። ወይ ዘርግተህ አስጣው፣ ወይ ውሃ ውስጥ ንከረው።

ዝገቱን የሚያነሳው ትዕግሥት ነው። ቀጭን ዘይት ቀባና አሳድረው። ጠዋት በመዳብ ወይም በነሐስ ፈቅፍቀው። ያገለገለ ቀለህ ካለ ጠፍጥፈው፣ ሹል መፈቅፈቂያ ይወጣዋል። ነሐስ ከብረቱ ስለሚለሰልስ ዝገቱን እንጂ ጥቁሩን ቀለም አይልጠውም። ብረቱን በተመለከተ ግን ሥራውን አጎትህ ይሥራው፣ አንተ መብራት ያዝለት።

መጨረሻ። ቦልቱ ላይ ያለውን ቁጥርና ቀለበቱ ላይ ያለውን ቁጥር አመሳክረህ ንገረኝ።

ቨርጂኒያ ያለሁ፦

ጋሽ ቶርኖ፣ እጅዎት ይባረክ። እዚህ አሜሪካ እንዲህ ያለ ጠመንጃ እሰበስባለሁ፤ ዩቲዩቡ ከየት እንደመጣ ትንሽ ልጨምር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እዚህ የወታደር ጠመንጃ እንደ ሸንኮራ ነበር የሚሸጠው፣ ያውም በፖስታ። ኬኔዲ በ1963 (እ.ኤ.አ.) የተገደለበት ጠመንጃ፣ የኛ አባቶች በደንብ የሚያውቁት የጣሊያን ካርካኖ ነው፤ ቴሌስኮፑን ጨምሮ በ19 ዶላር ከ95 ሳንቲም በፖስታ የተገዛ። በዚያ ዋጋ ሰው አልሳሳም። ገበሬው ጓሮው ውስጥ በመጋዝ ቆርጦ አጋዘን ያድንበት ነበር። በ1968 ሕግ ወጥቶ የወታደር ትርፍ ማስገባት ተዘጋ፤ እስከ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ድረስ። አሁን ነገሩ ተገልብጧል። ያልተቆረጠው ከተቆረጠው ዋጋው በብዙ ይበልጣል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች እዚህ ገበያ ላይ አሉ። ሰው አንበሳውን ፍለጋ ነው የሚገዛቸው። አንተ ቤት ያለው አንበሳ በግራይንደር ሊሄድ ነበር!

ቴሌስኮፕ የግድ ከሆነ ሳይበሳ የሚገጠም አለ። የኋላውን ማነጣጠሪያ ቅጠል አንስተህ በእሱ ቤት ላይ የሚቀመጥ መያዣ ነው። ቴሌስኮፑ ወደ ፊት ርቆ ስለሚቀመጥ እጀታውም አይነካውም። ሲበቃህ አውልቀህ ቅጠሉን ትመልሳለህ።

ጥይትም አስብበት። የወታደር ጥይት እርሳሱ ሙሉ በሙሉ በብረት የተለበጠ ነው። አውሬውን በስቶ ያልፋል፤ እንስሳው ቆስሎ ይሄድና ጫካ ውስጥ ይሠቃያል። ለአደን የሚሆነው ጫፉ ክፍት ወይም ለስላሳ የሆነው ነው። ደግሞ የጦር ማነጣጠሪያ ለሩቅ የተሠራ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በ100 ሜትር ላይ ከፍ አድርጎ ይመታል።

ዶሮ ማነቂያ ነበርኩ፦

ጥያቄ ልስረቅ። የአማቼ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጣሊያን ሠራሽ አለ። ረጅም፣ ከባድ። 1870/87/15 የሚል ስም ነግረውኛል። እሱስ ይታደሳል?

ቨርጂኒያ ያለሁ፦

ግድግዳው ላይ ይኑር። ያ ቬተርሊ ነው። ሲወለድ 10.35 ሚሊሜትር ነበር፤ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ። ጣሊያን ብዙውን ወታደሯን ዓድዋ ያዘመተችው በዚሁ ቬተርሊ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጠመንጃ ሲያጥራቸው በርሜሉ ውስጥ ሌላ ቱቦ ከተቱና ወደ 6.5 ለወጡት። ቦልቱ ግን ያው የድሮው ነው፤ የአዲሱን ባሩድ ጉልበት እንዲሸከም አልተሠራም። እንጨቱን ዘይት አጠጡት፣ ፎቶ አንሱት፤ እንዳትተኩሱበት።

ባለ ፋይሉ፦

ግድግዳ ላይ ቢሰቀልም ፈቃድ ይፈልጋል። ዝም ብዬ ነው ያልኩት።

የሰራተኛ ሰፈር ልጅ፦

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፤ ይቅርታ። ሪፖርት ይዤ መጣሁ።

አጎቴ ጣቢያ ሄዶ ጠየቀ። ቁጥሩን አትንኩ፣ ብረቱን ባለሙያ ላልሆነ አትስጡ አሉት። ስለዚህ ብረቱ ተቆልፎበታል፤ እንጨቱ ለኔ ተሰጠኝ።

ትንንሾቹን ብሎኖች ጋሽ ቶርኖ ባይነግሩኝ ኖሮ ትልቁን ስታገል እውል ነበር። ካቻቢቴውን በሞረድ ሳስተካክል ሁለት ጊዜ አበላሸሁ፣ በሦስተኛው ልክክ አለ። እንጨቱን አራት ቀን ቆርቆሮ ላይ አስተኛሁት። ጎረቤታችን ከታች አይታው "ምን ገድለህ ነው በፌስታል የጠቀለልከው?" አለችኝ። የወጣው ቅባት ቡናማ ነው፣ ሽታው የጭስና የቅቤ። ቅቤ ነበር እንዴ የሚቀቡት?

ስንጥቁ ልክ እንዳሉት ከጅራቱ ኋላ ነው። ተጣበቀ፣ ክፍተቱም ወጣለት።

ቁጥሮቹን ደግሞ አጎቴ አውጥቶ አብረን አየናቸው። ቀለበቱና ቦልቱ አይመሳሰሉም፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አኃዞች ይለያያሉ። አጎቴ ደነገጠ። ቆየና ሳቀ። ቅድመ አያቴና ባልንጀራው ሁልጊዜ አብረው ይወለውሉ ነበር አሉ፤ ሁለቱም ቤልጂግ ነበራቸው። አንድ ቀን ሲቸኩሉ የአንዱን ቦልት ለሌላው ሳይሰኩት አልቀሩም። "እንግዲህ የእኛ ቦልት ሰላ ድንጋይ አንዱ ቤት ይኖራል" አለ።

ጋሽ ቶርኖ፦

ቅቤ አይገርመኝም። በዚያ ዘመን የጠመንጃ ዘይት ከየት ይመጣል፣ ያለው ቅቤ ነው። ጨው የሌለበት ከሆነ ደግሞ ከምንም ይሻላል።

የቦልቱ ነገር ግን ቀልድ አይደለም። እያንዳንዱ ቦልት ከገዛ ቀለበቱ ጋር ተለክቶ ነው የሚገጠመው። የሌላ ሲሆን ጥይቱ ሲቀመጥ ከኋላው የሚቀረው ክፍተት ሊበዛ ይችላል። ሲበዛ ቀለሁ ወደ ኋላ ይለጠጥና ይበጠሳል፤ የጋለ ጋዝ ወደ ዓይንህ ይመጣል። ቅድመ አያትህ ተኩሰውበት ሊሆን ይችላል፤ ያ ለዛሬ ዋስትና አይሆንም፣ ጆሮዎቹም ከዚያ ወዲህ ተበልተዋል። ይህን የሚለካ ጌጅ አለ። የሚለካ ባለሙያ እስኪያየው ድረስ አንድ ጥይት እንዳይገባበት። አጎትህን ሰላም በልልኝ፤ ከርከሮውን በአጥር ይሞክሩት።

ቨርጂኒያ ያለሁ፦

ጌጁን ስመጣ ላመጣልህ አስቤ ነበር። ከዚያ ቦሌ ላይ "ይህ ምንድን ነው?" ስባል ታየኝና ተውኩት።

የሰራተኛ ሰፈር ልጅ፦

አጎቴ ተስማማ። ትንሽ ከፍቶታል፤ ግን ተስማማ። ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ አርበኞቹ ሲሰበሰቡ ባዶውን ይዞት መሄድ ይቻል እንደሆነ ሊጠይቅ ነው። ማንገቻውን መርካቶ ቆዳ ሰፊ ጋ በልክ አሠራለታለሁ፤ ጠፍሩንም አልጥለውም።

እንጨቱ አምስተኛ ዘይቱን ጠጥቷል። ጥቁሩ ለቆ ሥሩ ቀይ ዳማ ወጣ፤ ጭረቶቹ እንደ ውሃ ይሄዳሉ። ስርጉዱ ሦስት ሩቡ ተነሳ። የቀረውን አጎቴ "ተወው፣ የወደቀበትን ገደል አውቀዋለሁ" አለኝ።

አሁን አንድ አስቸኳይ ጥያቄ አለኝ። ስርጉዱን የተኮስኩት በእማዬ ካውያ ነው። ጨርቁ ሳሳ መሰለኝ፣ ቅባቱ አልፎ የካውያው ሆድ ላይ ተጋግሯል። ዛሬ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን ስትተኩስ ጥለቱ አጠገብ የመዳፍ ያህል ቡናማ ነገር ታተመ። እስካሁን አላወቀችም፤ አጣጥፋ አስቀምጣዋለች። እሁድ ትዘረጋዋለች። ከካውያ ላይ የሰባ ዓመት ቅቤ በምን ይለቃል? ከነጠላስ?